የፒካፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በቤት ስለ መቀየር፦ በራያ ቆላ ሙቀትና ዳገት

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት የከበደ ኃላፊነት አለበት። የሞተር ዘይት ዋና ሥራው ማለስለስ ነው፤ የካምቢዮው ዘይት ግን የሞተሩን ጉልበት ራሱ ተሸክሞ ወደ ጎማ ያሻግራል። በሞተሩና በማርሾቹ መካከል የተቀመጠው ቶርክ ኮንቨርተር የተባለ ክብ ዕቃ በውስጡ ፊት ለፊት የሚተያዩ ባለክንፍ መዘውሮች አሉት። አንደኛው በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ሌላኛው በተወረወረው ዘይት እየተገፋ ይዞራል። ሾፌሩ የሚረግጠው የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ዘይት በፓምፕ ተገፍቶ በካምቢዮው ሆድ ውስጥ የተደረደሩትን ስስ የፍሪሲዮን ሸራዎች ያጣብቃል፣ ያላቅቃል፤ ማርሽ የሚቀየረው እንዲህ ነው። በዚህ ላይ ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱን ሰብስቦ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል፣ ከሸራው የተፋቀውን ብናኝ ያጥባል። ይህ ሁሉ በአንድ ፈሳሽ ላይ የተጫነ ስለሆነ ዘይቱ ሲደክም የሚጓደለው አንዱ ሥራ ብቻ አይደለም።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ያለውን ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ገጥሞ ለሰፊው ገበያ አቀረበ። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ታስቦ ደረጃ የወጣለት "ታይፕ ኤ" የተባለው ዘይት በ1949 ተከተለ፤ ቶዮታም ቶዮግላይድ የተባለውን የራሱን ካምቢዮ በ1959 አወጣ። በዚያ ዘመን ለዘይቱ የመያዝና የመንሸራተት ልኩን ይሰጠው የነበረው ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ቅባት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ የዓሣ ነባሪ ውጤቶችን ስትከለክል የዘይት አምራቾች ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ቀይ ቀለሙ ለመለያ የተጨመረ ነው፤ ከመኪና ሥር የተንጠባጠበው የሞተር ይሁን የካምቢዮ ወዲያው እንዲለይ።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩርባት ጎብዬ ከወልድያ ተነሥቶ በሮቢትና በቆቦ አልፎ ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆቦ ከተማ ናት። በአካባቢው ማሽላና ጤፍ ይታረሳል፤ የከርሰ ምድር ውኃ በሚያጠጣው የመስኖ ማሳ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ምርቱን ከማሳ ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ገበያ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ፒካፕ ነው። አገሩ ለረጅም ዘመን የማንዋል ካምቢዮ አገር ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የገቡት ባለሁለት ጋቢና ሂሉክሶችና መሰሎቻቸው ግን ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን መኪና ተንከባክቦ ማኖር ዋጋው ጨምሯል። የተበላሸ አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትቶ የሚጠግን ባለሙያ በየከተማው አይገኝም፤ ካምቢዮው እንዳይበላሽ የሚያደርገው ሥራ ግን፣ ማለትም ዘይቱን በወቅቱና በልኩ መቀየር፣ በቤት ግቢ ውስጥ ሊከናወን ይችላል።

የዘይቱ ቀንደኛ ጠላት ሙቀት ነው። ሜዳ ላይ በመደበኛ ጉዞ የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው መካከል ይሠራል። ከዚያ በላይ ሲግል ከአየር ጋር የሚያደርገው የኬሚካል መበላሸት በየ10 ዲግሪው በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ ከ120 ዲግሪ ካለፈ የማኅተም ጎማዎችም መድረቅ ይጀምራሉ። የራያ ቆላ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። ቆቦና አላማጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተኝተዋል። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ መንገድ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወስዳል። በስተ ደቡብ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1983 በቻይናውያን የተሠራውና እስከ ዛሬ "የቻይና መንገድ" የሚባለው፣ ዳገቱ ከዚያ አያንስም።

ዳገት በዘይቱ ላይ የሚያደርሰውን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከነጭነቱ 2.8 ቶን የሚመዝን ፒካፕ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ ከመሬት ስበት ጋር ብቻ 27 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። በዝግታ በሚወጣበት ጊዜ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ መንሸራተት አለ። ከሥራው አንድ አሥረኛው በዚያ መንሸራተት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 2.7 ሚሊዮን ጁል ዘይቱ ውስጥ ይገባል። 10 ሊትር የካምቢዮ ዘይት አንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው 17 ሺህ ጁል ገደማ ስለሆነ፣ ማቀዝቀዣ ባይኖር ይህ ሙቀት ዘይቱን በ160 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገው ነበር። የካምቢዮ ማቀዝቀዣው ይህን ሁሉ እየተቀበለ ወደ አየር መበተን አለበት፤ የሚበትንበት አየር ደግሞ የቆላ አየር ነው። ራዲያተሩ በአቧራና በገለባ ከተደፈነ ሥራው በግማሽ ይቀራል። ስለዚህ የካምቢዮ ዘይት ጉዳይ ከራዲያተር ንጽሕና ተነጥሎ አይታይም።

አንዳንድ አምራቾች ዘይቱ የካምቢዮውን ዕድሜ ያህል ይቆያል ይላሉ። አባባሉ ለስላሳ አየር ባለበት፣ ባዶውን በአስፋልት ለሚሄድ መኪና የተነገረ ነው። የእነዚያው አምራቾች የጥገና መመሪያ ስለ ከባድ አገልግሎት የተለየ ዐምድ አለው፤ ጭነት፣ ተጎታች፣ አቧራ፣ ተደጋጋሚ ዳገት በዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። በራያ የሚሠራ ፒካፕ አራቱንም ባይሆን ሦስቱን በየሳምንቱ ያገኛቸዋል። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ከ60 እስከ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው መካከል መቀየር ተገቢ ነው፤ ዘወትር ዳገት ላይ የሚውል መኪና ከዚያም ቢያስቀድም አይጎዳም።

በተቃራኒው በሾፌሮች ዘንድ የታወቀ ሌላ አባባል አለ፦ የቆየ ካምቢዮ ዘይቱ ከተነካ ይሞታል። ይህን ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አድርጎ መናቅ ተገቢ አይደለም። ብዙ ባለመኪና ዘይት መቀየር የሚያስታውሰው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ሸራው ያን ጊዜ አልቋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አይመልስም፤ ካምቢዮው በሳምንቱ ሲቆም ጥፋቱ በዘይቱ ይሳበባል። ስለሆነም ማርሽ ሲገባ የሚዘገይ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን፣ ዘይቱ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ካምቢዮ በቤት ከመነካቱ በፊት ለባለሙያ መታየት አለበት። ጤናማ ሆኖ ዘይቱ ብቻ ያረጀ ካምቢዮ ግን በመቀየሩ አይሞትም።

ሥራው የሚጀምረው ከመኪናው ሥር ሳይሆን ከበሩ ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በኮፋኖው ሥር በተለጠፈው የመለያ ሰሌዳ ላይ የካምቢዮው ዓይነት ተጽፏል። በቶዮታ ሰሌዳ ላይ ለምሳሌ ኤ750ኤፍ ባለአምስት ማርሽ፣ ኤሲ60ኤፍ ባለስድስት ማርሽ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ኤፍ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱም የሚጠቀሙት ደብሊውኤስ የተባለውን ቀጭን ዘይት ነው። ከእነርሱ በፊት የነበረው ባለአራት ማርሽ ኤ340 እንደ ዓመተ ምርቱ ዴክስሮን ወይም ቲ ፎር ይወስዳል። የዘይቱ ስም የንግድ ማስዋቢያ አይደለም። ሸራው ብረቱን ሲይዝ ምን ያህል ተንሸራቶ እንዲይዝ የሚወስነው በዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው፤ ቅመሙ ከተለየ ካምቢዮው በዝግታ ጉዞ ይንቀጠቀጣል ወይም ማርሽ በግጭት ይገባል። "ለሁሉም መኪና የሚሆን" ተብሎ የሚሸጥ ዘይት የካምቢዮውን መለያ በጣሳው ላይ በስም ካልጠቀሰ መተው ይሻላል። የጣሳው ክዳን ማኅተም ያልተነካ መሆኑ፣ የምርት ቁጥሩም ያልተፋቀ መሆኑ መታየት አለበት፤ በአሮጌ ጣሳ የተሞላ ዘይት በገበያ አለና።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ መፍቻ፣ አዲስ ሮንዴላ፣ የሊትር ምልክት ያለው መያዣ፣ ዘይት መግፊያ የእጅ ፓምፕ ወይም ቀጭን ቱቦ፣ የሙቀት መለኪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ።

መኪናው መቆም ያለበት በጠፍጣፋ ቦታ ነው፤ በዚህ ሥራ ጠፍጣፋነት ለምቾት ሳይሆን ለልክ ያስፈልጋል፤ አፍንጫው ሽቅብ የቆመ መኪና የዘይቱን ልክ ይዋሻል። ፒካፕ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ከሥሩ መግባት ይቻላል፤ ይህ ከሁሉም መንገድ የተሻለው ነው። መነሣት ካለበት አራቱም ማዕዘን እኩል ተነሥቶ በካቫሌቶ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወት የሚያሳጣ ድፍረት ነው። በተለይ የጎብዬ ሜዳ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ክሪክም ካቫሌቶም ያሰምጣል፤ ሥሩ ሰፊ ሳንቃ ይደረግበታል። ሞተሩ እየሠራ ከሥሩ የሚገባበት ጊዜ ስለሚኖር የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ለጎማዎቹም ታኮ ይደረጋል።

አንድ ሕግ ከሁሉ ይቀድማል፦ ማፍሰሻው ከመፈታቱ በፊት መሙያው መፈታቱ ይረጋገጣል። ሊቤሎ የሚባለው የዘይት መለኪያ ዘንግ ያላቸው ካምቢዮዎች በዘንጉ ቱቦ ስለሚሞሉ ችግር የለባቸውም። አዲሶቹ ግን ዘንግ የላቸውም፤ በካምቢዮው ጎን ባለ ቡሎን ቀዳዳ ይሞላሉ። ያ ቡሎን ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው በግቢው ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ባዶ ካምቢዮ ይዞ ቆቦ ወይም ወልድያ መድረስ አይቻልም። በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለው አቧራ በብሩሽና በጨርቅ ይጸዳል፤ የራያ ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣው ደቃቅ አሸዋ ወደ ካምቢዮው ከገባ ቫልቮቹን ያጣብቃል።

ዘይቱ የሚፈስሰው ለብ ብሎ እንጂ እየፈላ አይደለም። የማፍሰሻው ቡሎን ሲወጣ በመያዣው ውስጥ የሚጠራቀመው በጥንቃቄ ይለካል፤ ስንት ሊትር እንደ ወጣ የማያውቅ ሰው ስንት እንደሚመልስ አያውቅም። የፈሰሰው ዘይት ስለ ካምቢዮው ጤና ይመሰክራል። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። በጣት መካከል ሲታሽ የሚሻክር ወይም የብረት ቅርፊት የሚያብለጨልጭበት ከሆነ ውስጡ እየተፈጨ ነው። ኮፓ በተባለው የካምቢዮው የታችኛ የዘይት ሳህን ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ግን የተለመደ የመፋቅ ውጤት ነው፤ አያስደነግጥም።

ከሁሉ የሚከፋው መልክ እንደ ተናጠ ወተት አረፋማ ሆኖ ሮዝ የመሰለ ዘይት ነው፤ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ውኃው የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ማቀዝቀዣ ተሸንቁሮ የራዲያተር ውኃና ዘይት ሲቀላቀሉ ነው። ሁለተኛው በር በራያ በክረምት ይከፈታል። አላውሃ፣ ጎሊና፣ ሆርማት በበጋ አሸዋቸው የሚታይ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከምዕራቡ ተራራ በድንገት የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ከድልድዩ ርቆ፣ ወደ ማሳ በሚወስደው መሻገሪያ የሚገባ ፒካፕ የጋለ ካምቢዮውን በቀዝቃዛ ጎርፍ ይነክራል። በካምቢዮው ውስጥ ያለው አየር በቅጽበት ይኮማተራል፤ በመተንፈሻ ቱቦው በኩል የሚስበው አየር ካጣ ውኃ ይስባል። የፍሪሲዮን ሸራ በሙጫ የተያያዘ ወረቀት መሰል ነገር ስለሆነ ውኃ ሲነካው ከብረቱ ይላቀቃል። ጥልቅ ውኃ የተሻገረ መኪና ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ሳይጠበቅ በማግስቱ ዘይቱ መታየት አለበት፤ ወተት ከመሰለም ሳይነዳ መቀየር አለበት። የመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ከፍ ብሎ መታሰሩ ርካሽ መከላከያ ነው።

ኮፓውን አውርዶ ማጣሪያውን ማየት በየቅያሪው ግዴታ አይደለም፤ ታሪኩ በማይታወቅ መኪና ላይ ግን ይመከራል። ኮፓው ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ትናንሾቹ ቡሎኖች በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያፈራረቁ ይጠበቁ። የማፍሰሻው ቡሎንም የሚፈልገው 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የጭነት መኪና ጎማ በለመደ ክንድ ከተጠበቀ ጥርሱ ይነቀላል።

ከዚያ የወጣው ያህል አዲስ ዘይት ይገባል። ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሬን ተረግጦ የማርሹ ዘንግ በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ከፒ እስከ መጨረሻው ደርሶ ይመለሳል፤ ዘይቱ ወደየክፍሉ የሚደርሰው በዚህ ነው። አሁን የሥራው ዋና ነገር ይመጣል፤ የልክ ፍተሻ።

ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል። 10 ሊትር የካምቢዮ ዘይት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። ዘንግ ባላቸው የቶዮታ ካምቢዮዎች ፍተሻው የሚደረገው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ በዘንጉ ላይ "የሞቀ" የሚለውን ምልክት በማየት ነው። ዘንግ የሌላቸው ከኮፓው ሥር ሌላ ቡሎን አላቸው። ያ ቡሎን ሲወጣ በውስጡ የቆመ አጭር ቱቦ አለ፤ ዘይቱ ከቱቦው አፍ ከበለጠ ይፈስሳል፣ ካነሰ አይፈስስም። ፍሰቱ ከወራጅነት ወደ ቀጭን ጠብታ ሲለወጥ ልኩ ደርሷል። ምንም ካልወጣ ጠብታ እስኪመጣ በመሙያው ይጨመራል። ይህ ሁሉ እውነት የሚሆነው ግን የሞዴሉ መመሪያ በሚሰጠው የሙቀት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ክልሉ ጠባብ ነው፤ በአንዳንዱ ከ35 እስከ 45፣ በሌላው ከ46 እስከ 56 ዲግሪ፣ 10 ዲግሪ ያህል ስፋት ብቻ ያለው።

ለጎብዬ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ጥላ ውስጥ ያለው አየር ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ካምቢዮ ሞተሩ ሳይነሣ ወደ ክልሉ ይጠጋል። ሞተሩ ተነሥቶ ማርሹ ሁለቴ ሲመላለስ የ35ቱ ክልል ሳይታወቅ ያልፋል። ከወልድያ ወይም ከአላማጣ የመጣ መኪና ደግሞ ዘይቱ ለመብረድ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። በጋለ ዘይት የተፈተሸ ካምቢዮ ሰፍቶ የበዛ የመሰለውን ያፈስሳል፤ ሲበርድ ግን ጎድሎ ይገኛል። የጎደለ ዘይት ፓምፑን አየር ያስጠጣዋል፤ አየር የቀላቀለ ዘይት ሸራውን አጥብቆ ስለማይይዝ ሸራው ይቃጠላል። ስለዚህ መኪናው ማታ ቆሞ አድሮ ሥራው ጎሕ ሲቀድ መጀመር አለበት፤ ማለዳ የበረደው ዘይት በቀስታ ሲሞቅ የፍተሻ ጊዜ ይገኛል። ሙቀቱ ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር በሚያያዝ አነስተኛ ስካነር ቢነበብ ይመረጣል። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ወደ ኮፓው ሲነጣጠር የብረቱን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አይናገርም፤ ከትክክለኛው ዝቅ ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ጊዜ ማፍሰስ ዘይቱን ሁሉ አይቀይርም። ቶርክ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ የያዙት አይወጣም። ካምቢዮው በጠቅላላ 10 ሊትር ይዞ በማፍሰሻው 4 ሊትር ቢወጣ፣ ከመጀመሪያው ቅያሪ በኋላ ከዘይቱ 40 በመቶው ብቻ አዲስ ነው። ከሁለተኛው በኋላ 64፣ ከሦስተኛው በኋላ 78 በመቶ ገደማ ይሆናል። በየመሐሉ መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሠራ አዲሱና አሮጌው በደንብ ይደባለቃሉ። የማቀዝቀዣውን የመመለሻ ቱቦ ፈትቶ በሞተሩ ጉልበት አሮጌውን በአንድ ጊዜ ማስወጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን የሚያፈስሰውና የሚሞላው ሰው ካልተናበቡ ፓምፑ በደረቁ ይሽከረከራል። ለቤት ሥራ የሚሻለው ሦስቴ ማፍሰስና መሙላት ነው፤ 12 ሊትር ዘይት ይፈጃል፣ ካምቢዮውን ግን ለአደጋ አያጋልጥም። የቅያሪው ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከኮፋኖው ሥር ቢለጠፍ መኪናውን ቀጥሎ የሚይዘው ሰው አይቸገርም።

የቀረው አሮጌው ዘይት ነው። በየአጥሩ እንጨት ለምስጥ መከላከያ መቀባት የተለመደ ቢሆንም የብረት ብናኝና የተቃጠለ ቅመም ያለበት ዘይት ከእንጨቱ ወደ አፈር ይሰርጋል። የራያ ቆቦ ሜዳ ደግሞ ኑሮው በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ነው፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ያስቆፈራቸው ጉድጓዶች ማሳ ያጠጣሉ፣ የሚጠጣውም ውኃ ከዚያው ሥር ይወጣል። ዘይት በቦይ ወይም በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ማፍሰስ ወደዚያ ውኃ መላክ ነው። የሚሻለው በክዳን ተዘግቶ፣ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ነው። ዘይት የተቀመጠበት ጄሪካን በጉልህ ቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ የአገሩ ሰው ውኃ የሚቀዳው በተመሳሳይ ቢጫ ጄሪካን ነውና፣ አንዴ ለካምቢዮ ዘይት የዋለው ታጥቦም ቢሆን ወደ ውኃ መቅጃነት አይመለስም።